ለገና መብራት የታክስ ክሬዲት አለ ወይ? በአሜሪካ የሚጠየቀው፣ የማይጠየቀውና አሞላሉ

ለገና መብራት የሚሰጥ የፌደራል ታክስ ክሬዲት፣ ማለትም ከሚከፍሉት ግብር ላይ በቀጥታ የሚነሣ ገንዘብ፣ የለም። ኤልኢዲም ይሁን፣ የኢነርጂ ስታር የኃይል ቁጠባ ምልክት ይለጠፍበት፣ ጣሪያው ጠርዝ ላይ በብሎን ታስሮ ዓመቱን ሙሉ ይቀመጥ፣ በአይአርኤስ (በአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት) ዓይን ጌጥ ነው። በየዓመቱ ኖቬምበር ሲገባ ግን «መብራቱን በኤልኢዲ ቀይሩ፣ 30 በመቶው ይመለስላችኋል» የሚል ወሬ ይናፈሳል። ወሬው ከምንም አልተነሣም። ለቤት ኃይል ቁጠባ የሚሰጡ ሁለት እውነተኛ ክሬዲቶች ነበሩ፣ መጠናቸውም 30 በመቶ ነበር፤ መብራት ግን ከሁለቱም ዝርዝር ውስጥ የለም። ሁለቱም የሚያገለግሉት እስከ 2025 መጨረሻ ለተሠራ ሥራ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው መብራቱን እንዴት ፎርም ላይ እንደሚያስገቡ አይደለም። መብራቱን የሚመግበው ቤት ውስጥ ክሬዲት የሚያስገኝ ሥራ ተሠርቶ እንደሆነ ማጣራት ነው፤ ሶላር፣ ባትሪ፣ ሂት ፓምፕ (በኤሌክትሪክ ቤት የሚያሞቅና የሚያቀዘቅዝ ማሽን)፣ መስኮት። ተሠርቶ ከሆነ ፎርሙን በትክክል መሙላት፣ ካልሆነ ደግሞ ወጪውን ከመብራት ሂሳቡ ላይ መቀነስ። ሁለተኛው መንገድ ብዙ ሰው ከሚገምተው የተሻለ ገንዘብ ያስቀራል።

ሁለቱ ክሬዲቶች

የመጀመሪያው የቤት ማሻሻያ ክሬዲት ነው፤ በታክስ ሕጉ ክፍል 25ሲ ይባላል። ከወጪው 30 በመቶ ይሰጣል፣ ግን በዓመት ጣሪያ አለው። ለመስኮት እስከ 600 ዶላር፣ ለውጭ በር በአንድ በር 250 በድምሩ 500፣ ለማዕከላዊ ኤሲ፣ ለፈርነስ (የቤት ማሞቂያ ምድጃ) ወይም ለውሃ ማሞቂያ እያንዳንዳቸው 600፣ ለኤሌክትሪክ ፓነል (ብሬከሮቹ ያሉበት ሳጥን) 600፣ ለቤት ኃይል ፍተሻ 150 ዶላር ነው። እነዚህ ሁሉ ተደምረው በዓመት ከ1,200 ዶላር ማለፍ አይችሉም። ሂት ፓምፕና በሂት ፓምፕ የሚሠራ ውሃ ማሞቂያ ደግሞ ለብቻቸው እስከ 2,000 ዶላር ያስገኛሉ። ይህ ክሬዲት በዓመቱ ካልተጠቀሙበት ይቃጠላል፤ ወደሚቀጥለው ዓመት አይሻገርም።

ሁለተኛው የንጹሕ ኃይል ክሬዲት፣ ክፍል 25ዲ ነው። ሶላር፣ በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ፣ አነስተኛ የነፋስ ተርባይን፣ የከርሰ ምድር ሂት ፓምፕ፣ እንዲሁም ቢያንስ 3 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ይሸፍናል። እዚህም 30 በመቶ ነው፤ ለሶላርና ለባትሪ የዶላር ጣሪያ የለውም፣ የተረፈውም ይሻገራል።

ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ሁለቱንም ቋጭቷቸዋል። ለሁለቱም የመጨረሻው ቀን ዲሴምበር 31 ቀን 2025 ነበር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሶላር ላይ የሚታየው ገንዘቡ የተከፈለበት ቀን ሳይሆን ተከላው የተጠናቀቀበት ቀን ነው። በኦክቶበር 2025 ሙሉውን ከፍለው ሠራተኞቹ ሥራውን የጨረሱት ለእኛ ገና ዋዜማ፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 2026 ከሆነ፣ ክሬዲቱ ዜሮ ነው።

ፎርሙ ላይ የማይገቡ ነገሮች

የሚከተሉት በሻጭ አፍም ሆነ በጓደኛ ምክር «ይገባል» ሲባሉ ይሰማሉ። አይገቡም።

የኤልኢዲ ክር፣ አምፑል፣ ፕሮጀክተር፣ በነፋስ የሚነፋ አሻንጉሊት፣ ታይመር። 25ሲ የሚሸፍነው የቤቱን ኢንሱሌሽን (ሙቀትና ቅዝቃዜ እንዳያልፍ የሚደረግ መከለያ)፣ መስኮትና በር፣ ከዚያም ማሞቂያና ማቀዝቀዣውን ነው። የመኖሪያ ቤት መብራት በማንኛውም መልኩ አልተካተተም።

ጣሪያ ጠርዝ ላይ የሚገጠም ቋሚ መብራት። ዋጋው ብዙ ሺህ ዶላር ስለሚደርስ ማባበያው የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። 4,000 ዶላር ለሚያወጣ ገጠማ 30 በመቶው ልክ 1,200 ዶላር ይመጣል፤ ከ25ሲ ዓመታዊ ጣሪያ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ አሳማኝ ይመስላል። ቋሚነቱ ግን የመብራትነቱን ነገር አይለውጠውም። ሻጩ ክሬዲቱን ውሉ ላይ እንዲጽፈው ይጠይቁት፤ አብዛኛውን ጊዜ ጨዋታው እዚያ ላይ ያበቃል።

መሬት ላይ የሚተከሉ ባለ ትንሽ ሶላር መብራቶች። ሶላር ስለተባለ 25ዲ ውስጥ የሚገባ ይመስላል። ሕጉ የሚጠይቀው ግን ኤሌክትሪኩ መኖሪያ ቤቱ ውስጥ ለአገልግሎት እንዲውል ነው። ያቺ የጣት ስፋት ያላት ሳህን የምትመግበው እዚያው የተተከለውን አምፑል ብቻ ነው።

ለጌጡ ሲባል የተቀየረ የኤሌክትሪክ ፓነል። ፓነል 600 ዶላር የሚያስገኘው አቅሙ 200 አምፔር ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ፣ ክሬዲት የሚሰጠውን ሌላ ሥራ፣ ለምሳሌ ሂት ፓምፕን፣ ለመግጠምና ለማንቀሳቀስ ሲባል አብሮ ሲሠራ ነው። ለውጭ ሶኬትና ለገና መብራት ብቻ የተቀየረ ፓነል አይቆጠርም።

ለኢትዮጵያ የተላከ ሶላር። ለወላጆች ቤት ፓነልና ባትሪ ገዝቶ የላከ ሰው ደረሰኙን ይዞ ይመጣል። ቤቱ አሜሪካ ውስጥ የሚገኝና እርስዎ የሚኖሩበት መሆን አለበት፤ ስለዚህ ይህም አይሆንም። መንገድ ላይ እያለን፦ ከዚህ የተገዛ የ120 ቮልት የገና መብራት አገር ቤት 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል፤ ሻንጣ ውስጥ ቦታ ባይይዝ ይሻላል።

የኪራይ ሶላር። ጣሪያዎ ላይ ያለውን ሶላር በሊዝ ወይም በኪሎዋት ሰዓት እየገዙ ከሆነ ባለቤቱ ኩባንያው ነው። በብድር የገዙት ግን የእርስዎ ነው፤ ብድሩን ባይጨርሱም የሚጠየቀው በሙሉው ዋጋ ላይ ነው። ወለዱ አይቆጠርም።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «ችግር የለም፣ ላስገባልዎት» የሚል ታክስ ሠሪ ካጋጠመዎት፣ ሪተርኑ (ለአይአርኤስ የሚገባው የግብር ማስታወቂያ) ላይ ስሙን ፈርሞ የአዘጋጅ ቁጥሩን እንዲያሰፍር ይጠይቁት። ተከፍሎበት የሚያዘጋጅ ሁሉ ይህን የማድረግ ግዴታ አለበት። የማይፈርም ሰው ያስገባው ስሕተት ሲገኝ ደብዳቤው የሚመጣው ለእርስዎ ነው። ክሬዲቱን ከነወለዱ ከመመለስ በላይ፣ አላግባብ ከቀነሱት ግብር ላይ 20 በመቶ ቅጣት ሊታከልበት ይችላል።

የ2025 ሥራ ካለዎት፦ ፎርም 5695 ደረጃ በደረጃ

የ2025 ሪተርን የመደበኛ ማስገቢያ ቀን ኤፕሪል 15 ቀን 2026 ነው። ሁለቱ ክሬዲቶች የሚጠየቁበትን ፎርም 5695፣ ከዚያ በፊት ወይም ማራዘሚያ ጠይቀው ከሆነ በኋላ፣ የሚሞሉት በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

አንደኛ፣ ወረቀት ይሰብስቡ። ዝርዝር ዋጋ ያለበት ደረሰኝ፣ የተከላ ውል፣ ሥራው የተጠናቀቀበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋል። ለሶላር ምርጡ ማስረጃ የከተማው ወይም የካውንቲው የፍተሻ ማለፊያና የኤሌክትሪክ ኩባንያው «ማብራት ይችላሉ» ብሎ የላከው ደብዳቤ ነው። «ሶላር ሲስተም፣ 24,000» የሚል አንድ መስመር ብቻ ያለበት ደረሰኝ ችግር ያመጣል፤ ተቋራጩ የሶላር ፓነሉን፣ ባትሪውን፣ የጉልበት ዋጋውንና ሌላውን ሥራ ለያይቶ እንዲጽፍልዎ ያድርጉ። ከሶላሩ ጋር ሙሉ ጣሪያ የተቀየረ ከሆነ፣ ተራው የጣሪያ ሥራ ከውስጡ መውጣት አለበት።

ሁለተኛ፣ የአምራቹን መለያ ይፈልጉ። ከ2025 ጀምሮ ለመስኮት፣ ለበር፣ ለሂት ፓምፕ፣ ለውሃ ማሞቂያ፣ ለኤሲ፣ ለፈርነስና ለኤሌክትሪክ ፓነል በ25ሲ ክሬዲት ለመጠየቅ፣ አምራቹ አይአርኤስ ዘንድ የተመዘገበበት ባለ አራት ፊደልና ቁጥር መለያ ፎርሙ ላይ መግባት አለበት። የሚገኘው ከአምራቹ ድረ ገጽ ወይም ከሻጩ ነው። ከዕቃው ሴሪያል ቁጥር ጋር አይምታታብዎ። ለኢንሱሌሽንና ለአየር መዝጊያ ሥራ ይህ መለያ አያስፈልግም፤ ለሶላርም እንዲሁ።

ሦስተኛ፣ ከወጪው ላይ የሚቀነሰውን ይቀንሱ። የኤሌክትሪክ ኩባንያው ለግዢው የሰጠዎት ሪቤት (ከዋጋው የሚመለስ ገንዘብ) ካለ 30 በመቶው ከመሰላቱ በፊት ይወጣል፤ ገንዘቡ ለእርስዎ ቢሰጥም በቀጥታ ለተቋራጩ ቢከፈልም ያው ነው። ወደ መስመሩ በመለሱት ኃይል ምክንያት የመብራት ሂሳብዎ ላይ የሚነሣልዎት ገንዘብ ግን ከወጪው አይቀነስም፤ እሱ የሸጡት ኃይል ዋጋ ነው።

አራተኛ፣ ጉልበት የሚቆጠርበትንና የማይቆጠርበትን ይለዩ። ለሶላር፣ ለባትሪ፣ ለሂት ፓምፕና ለኤሌክትሪክ ፓነል የተከላ ክፍያው ይደመራል። ለመስኮት፣ ለበርና ለኢንሱሌሽን የዕቃው ዋጋ ብቻ ነው የሚገባው። የመስኮት ደረሰኝ ሳይለያይ እንዳለ ማስገባት በጣም የተለመደ ስሕተት ነው።

አምስተኛ፣ የፎርሙን ክፍል አንድ ይሙሉ። ሶላር መስመር 1 ላይ ይገባል። ባትሪ መስመር 5 ላይ ነው፤ መጀመሪያ አቅሙ ቢያንስ 3 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑን ጠይቆ ከዚያ ዋጋውን ይቀበላል። እየተሸከሙ ከቦታ ቦታ የሚያዞሩት፣ ለካምፕ የሚሸጠው ዓይነት ባትሪ ከቤቱ ጋር የተገጠመ ስላልሆነ እዚህ አያስገቡት። ቤቱ አዲስ የተሠራም ሊሆን ይችላል፣ ሁለተኛ መኖሪያም እንዲሁ፤ አከራይተውት እርስዎ የማይኖሩበት ከሆነ ግን አይሆንም። ዕቃው ደግሞ አዲስ መሆን አለበት፤ ያገለገለ የሶላር ፓነል ክሬዲት የለውም።

ስድስተኛ፣ ክፍል ሁለት። መስኮት፣ በርና ኢንሱሌሽን አንድ ላይ ናቸው፣ ማሽኖቹ ቀጥለው ይመጣሉ። እዚህ ቤቱ አስቀድሞ ያለ መሆን አለበት። በ2025 ሂት ፓምፕ በ9,000 ዶላር አስገጥመው፣ እሱን ለመሸከም ፓነሉን ከ100 ወደ 200 አምፔር በ3,000 ዶላር አሳድገው ከሆነ፦ የሂት ፓምፑ 30 በመቶ 2,700 ቢሆንም 2,000 ላይ ይቆማል፤ የፓነሉ 900 ቢሆንም 600 ላይ ይቆማል። በድምሩ 2,600 ዶላር። ያ ፓነል ማታ ማታ የገና መብራቱንም መመገቡ ምንም አያበላሽም፤ የተቀየረበት ምክንያት ነው የሚቆጠረው።

ሰባተኛ፣ ከሚከፍሉት ግብር ጋር ያነጻጽሩ። ሁለቱም ክሬዲቶች ግብርን ወደ ዜሮ ያወርዳሉ እንጂ ከዜሮ በታች ገንዘብ አይሰጡም። «እኔ ሁልጊዜ ሪፈንድ ነው የማገኘው፣ ስለዚህ ግብር የለብኝም» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ያሳስታል። ሪፈንድ ማለት ከደመወዝዎ የተቆረጠው ከግብርዎ በልጦ ነበር ማለት ብቻ ነው። መታየት ያለበት ዋናው የግብር ፎርም፣ 1040፣ ላይ ከክሬዲቶች በፊት ያለው የግብር መጠን ነው። ከዚያ ላይ የልጆች ክሬዲትን ጨምሮ ሌሎች ክሬዲቶች አስቀድመው ስለሚነሡ፣ ሦስት አራት ልጅ ያለው ቤተሰብ ለሶላር የቀረው ቦታ ጠባብ ሊሆን ይችላል።

ሶላሩ 24,000 ዶላር ወጥቶበት የኤሌክትሪክ ኩባንያው 1,000 ሪቤት ሰጥቶ ከሆነ፣ 30 በመቶ የሚታሰበው ከ23,000 ላይ ነው፤ 6,900 ዶላር። ሌሎቹ ክሬዲቶች ተነሥተው የቀረው ግብር 4,200 ቢሆን፣ በዚህ ዓመት የሚያገለግለው 4,200 ነው። ቀሪው 2,700 መስመር 16 ላይ ተጽፎ ወደ 2026 ይሻገራል። የሚቀጥለው ዓመት ሪተርንዎን ሌላ ሰው ከሠራው ይህን ቁጥር ላያየው ይችላል፤ የፎርሙን ቅጂ ይዘው ይሂዱ።

ስምንተኛ፣ ውጤቱ ወደ ሰንጠረዥ (ስኬጁል) 3 ይሄዳል። የንጹሕ ኃይሉ መስመር 5ኤ፣ የቤት ማሻሻያው 5ቢ ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ 1040 ይተላለፋል። ደረሰኞቹን ከሪተርኑ ጋር አይልኩም። ግን ቢያንስ ሦስት ዓመት፣ ይልቁንም ቤቱን እስኪሸጡ ድረስ ያስቀምጧቸው፤ የተቀበሉት ክሬዲት ከቤቱ የወጪ መነሻ ላይ ስለሚቀነስ፣ ትርፉ ሲሰላ ያስፈልጋል።

ከቤቱ ከ20 በመቶ በላይ የሚሆነውን ለንግድ የሚጠቀሙበት ከሆነ፣ ለምሳሌ ሕፃናት የሚጠብቁበት ከሆነ፣ ክሬዲቱ ለመኖሪያው ድርሻ ብቻ ነው። ኮንዶ ውስጥ የሚኖሩ ደግሞ ማኅበሩ ለሠራው ሥራ ያዋጡትን ድርሻ መጠየቅ ይችላሉ።

ካለፉት ዓመታት የቀረ

በ2023 ወይም በ2024 ሂት ፓምፕ ወይም ሶላር አስገጥመው ማንም ሳይነግርዎት ካለፈ፣ ፎርም 1040-ኤክስ ያንን ዓመት ያርማል። ጊዜው ሪተርኑ ከገባበት ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ነው፤ ቀደም ብለው ያስገቡት እንደ ኤፕሪል 15 ይቆጠራል። የ2023 በር የሚዘጋው ኤፕሪል 15 ቀን 2027 አካባቢ ነው ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያን ዓመት ፎርም 5695 ይጠቀሙ፤ የአምራች መለያ የሚጠየቀው ከ2025 ጀምሮ ብቻ ነው።

ምግብ ቤት፣ ሱቅ ወይም የሚከራይ ቤት ላለው

እዚህ መብራቱ ራሱ ታክስ ላይ ይገባል፤ ግን እንደ ክሬዲት አይደለም፣ እንደ ንግድ ወጪ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ያለ የሐበሻ ምግብ ቤት መስኮቱ ላይ የሰቀለው መብራት ደንበኛ የሚጠራበት ስለሆነ፣ ግለሰብ ነጋዴ ከሆኑ ሰንጠረዥ ሲ ላይ በማስታወቂያ ወጪ፣ መስመር 8፣ ይቀመጣል። ለሰቃዩ የተከፈለውም ይታሰባል። እያንዳንዱ ዕቃ ከ2,500 ዶላር የማይበልጥ ከሆነ በተገቢው ምርጫ በአንድ ዓመት ወጪ ተደርጎ ይያዛል። ቤት የሚያከራይ ሰው ደግሞ ለጋራ መግቢያው የገዛውን ሰንጠረዥ ኢ ላይ ያስገባል። በራስዎ ቤት በረንዳ ላይ የተሰቀለውን «የሥራዬ ማስታወቂያ ነው» ማለት ግን አያዋጣም፤ የግል ወጪ ነው።

ልዩነቱን አይዘንጉት፦ ክሬዲት ከግብሩ ላይ ዶላር በዶላር ይነሣል፣ ወጪ ግን ከገቢው ላይ ነው የሚቀነሰው። 300 ዶላር የመብራት ወጪ 300 ዶላር ግብር አያስቀርም።

ከ2026 ወዲህ የቀረው ገንዘብ

የፌደራሉ ክሬዲት ቢዘጋም የስቴትና የኤሌክትሪክ ኩባንያ ሪቤቶች አልጠፉም። ሜሪላንድ ውስጥ ኤምፓወር የሚባለው ፕሮግራም በየወሩ ሂሳብዎ ላይ በሚቆረጠው ክፍያ የሚንቀሳቀስ ነው፤ እየከፈሉበት ነውና ይጠቀሙበት። ዲሲ ውስጥ ዲሲ ሰስቴነብል ኢነርጂ ዩቲሊቲ የሚባል ተመሳሳይ ፕሮግራም አለ። ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ ለሆነ ቤተሰብ በ2022 ሕግ የተመደበው፣ በስቴቶች በኩል የሚታደለው የቤት ኃይል ሪቤት ደግሞ ለሂት ፓምፕ እስከ 8,000፣ ለፓነል እስከ 4,000፣ ለሽቦ ሥራ እስከ 2,500 ዶላር ይሸፍናል፤ ስቴትዎ መክፈል ጀምሮ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። የየስቴቱን ዝርዝር በኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚጠናቀረው ዲሳየር የተባለ የመረጃ ቋት ላይ በዚፕ ኮድ መፈለግ ይቻላል። በእነዚህ ፕሮግራሞች ላይ አንድ ደንብ አጥብቀው ይያዙ፦ ብዙዎቹ ከግዢ በፊት ማመልከትን ይጠይቃሉ። ዕቃው ከተገጠመ በኋላ የሚቀርብ ደረሰኝ ብዙ ጊዜ ተቀባይነት አያገኝም።

ስሌቱ፦ መብራቱ ራሱ ስንት ያስቀራል

የእኛ ሰው መብራት ከጎረቤቱ የሚረዝምበት ምክንያት አለው። ከታንክስጊቪንግ የተሰቀለው ዲሴምበር 25 ላይ አይወርድም፤ ጃንዋሪ 7ን ይጠብቃል፣ አንዳንዱም እስከ ጥምቀት ይቆያል። ከኖቬምበር 27 እስከ ጃንዋሪ 7 ድረስ 42 ሌሊት ነው፤ እስከ ጃንዋሪ 19 ሲሆን 54።

ትልልቁ ሲ9 የሚባለው የድሮ አምፑል አንዱ 7 ዋት ይበላል። ባለ 25 አምፑል ስምንት ክር ሲሰቀል 200 አምፑል፣ 1,400 ዋት ነው። በቀን 6 ሰዓት ለ42 ሌሊት 353 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ በ17 ሳንቲም ሂሳብ 60 ዶላር። አንድ ዋት የሚበላው የሲ9 ኤልኢዲ በዚያው ሰዓት 50 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ይወስዳል፣ ወደ 8 ዶላር ተኩል። ልዩነቱ በየወቅቱ 51 ዶላር ነው። አንዱ ክር በ20 ዶላር ቢገዛ ስምንቱ 160 ዶላር ናቸው፤ ከሦስት ወቅት ትንሽ አልፎ ራሱን ይከፍላል። ኤሌክትሪክ 30 ሳንቲምና ከዚያ በላይ በሆነበት የካሊፎርኒያ ቤት ሁለት ወቅት ብዙ ነው።

ክሬዲት ቢኖር ኖሮ ከ160 ዶላሩ ላይ የሚሰጠው 30 በመቶ 48 ዶላር፣ ያውም አንድ ጊዜ ነበር። አምፑሉን መቀየሩ ከዚያ የበለጠ በየዓመቱ ያስቀራል።

ትንንሹ መብራት ላይ ግን ችኮላ አያስፈልግም። ባለ 100 የድሮ ትንሽ ክር 40 ዋት አካባቢ ነው። አሥሩ በወቅቱ 17 ዶላር ያህል ይበላሉ፤ ኤልኢዲው 2 ዶላር። በ100 ዶላር አዲስ ገዝቶ 15 ዶላር ለማትረፍ ሰባት ወቅት መጠበቅ ነው፤ ሲበላሽ እየቀየሩ መሄድ ይሻላል። የሚነፋው አሻንጉሊት ደግሞ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ማራገቢያው ቀንም ሌሊትም ከሠራ ከክሮቹ ሁሉ ሊበልጥ ይችላል። ሶኬት ላይ የሚሰካ የዋት መለኪያ ገዝቶ እያንዳንዱን ማየት ግምትን ያስቀራል።

አሰቃቀሉ ላይ የሚበላሸው

መደበኛ የ15 አምፔር ብሬከር በ120 ቮልት 1,800 ዋት ይሸከማል፤ ለረጅም ሰዓት ለሚበራ ጭነት ከ80 በመቶ፣ ማለትም ከ1,440 ዋት፣ አይለፉ። ከላይ ያሉት ስምንት የድሮ ክሮች ብቻቸውን 1,400 ስለሆኑ፣ በዚያው መስመር ላይ ጋራዥ ውስጥ ፍሪጅ ካለ ብሬከሩ ሊዘል ይችላል። በኤልኢዲ 200 ዋት ሲሆን ጥያቄው ራሱ ይጠፋል።

ኤልኢዲና የድሮ ክር ጫፍ ለጫፍ አያያይዙ። የኤልኢዲው ሽቦ ቀጭን ነው፤ ከኋላው የተቀጠለው የድሮ ክር ጭነት በእሱ ውስጥ ሲያልፍ መሰኪያው ውስጥ ያለው ፊውዝ ይቃጠላል፣ ሰውም ክሩ የተበላሸ መስሎት ይጥለዋል። መሰኪያው ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን ይክፈቱ፤ መለዋወጫ ፊውዝ ብዙ ጊዜ እዚያው አለ። ስንት ክር መቀጠል እንደሚቻል መለያው ላይ ተጽፏል፤ ለድሮው ትንሽ ክር አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነው። የክሩ ግማሽ ብቻ ከጠፋ ችግሩ ከፊውዝ አይደለም፤ በዚያ ክፍል ውስጥ አንዱ አምፑል ላልቷል ወይም እግሩ ዝጓል።

በዝናብ ማግስት የውጭው ጂኤፍሲአይ ሶኬት (ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ራሱን የሚያጠፋው) እየዘለለ ካስቸገረ፣ ደጋግሞ መጫን አያድነውም። መጋጠሚያዎቹን ነቅለው ያድርቁ፣ ከመሬት ከፍ አድርገው አፋቸው ወደ ታች እንዲሆን ይስቀሉ፤ ገመዱም ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ዝቅ ብሎ ይታጠፍ፣ ውሃው እዚያ እንዲንጠባጠብ። ኤክስቴንሽኑ የውጭ መሆን አለበት፤ የሽቦው ቁጥር ባነሰ መጠን ሽቦው ይወፍራል፣ ስለዚህ ለረጅም ርቀት ከ16 ይልቅ 14 ይምረጡ።

ሲጨልም የሚያበራ ታይመር እየበራ እየጠፋ ካስቸገረ የራሱ መብራት እያየው ነው፤ ዓይኑን ወደ ሌላ አቅጣጫ ያዙሩት። እስከ ጠዋት ከማብራት «ከምሽት ጀምሮ 6 ሰዓት» የሚለውን ይምረጡ።

ሶላር ያለው ሰው «መብራቱን በፀሐይ ነው የማበራው» ሲል በከፊል ልክ ነው። ሶላሩ ቀን ያመርታል፣ መብራቱ ማታ ይበራል። ባትሪ ከሌለ ማታ የሚበላው የመስመሩ ኃይል ነው፣ ቀን የላኩት ሂሳቡ ላይ ይካካሳል። ባትሪ ካለና ታሪፉ እንደ ሰዓቱ የሚለያይ ከሆነ፣ ዋጋው በሚንርበት ምሽት፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 9 ሰዓት ፒ ኤም፣ ባትሪው ቤቱን እንዲመግብ ያስተካክሉት።

የብሔራዊ ኤሌክትሪክ ኮዱ የበዓል ጌጥ መብራትን በጊዜያዊ መስመር የሚፈቅደው እስከ 90 ቀን ነው። ከጥምቀት በኋላም «ለፋሲካ ይቆይ» ለማለት ለሚፈተን ሰው፣ ከታንክስጊቪንግ የተቆጠረው ገደብ ፌብሩዋሪ መጨረሻ አካባቢ ያልቃል።